ስለ ግንቡ ጻፋችሁ፤ ስለ ውሃውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ስለ ጎንደር የሚወጣው ጽሑፍ ያው ነው። ግንቡ፣ ነገሥታቱ፣ ገንዳው ውስጥ የሚዘሉት ወጣቶች። አልጠላሁትም። ግን ገንዳውን የሚሞላው ውሃ ከየት እንደሚመጣ የሚጽፍ አላየሁም። ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ነው የሚመጣው። ያው ቀሃ ከተማውን ሲያቋርጥ ዛሬ ቆሻሻ ይደፋበታል።

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የመረጡት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለውን ኮረብታ ነው። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥት ማለት ድንኳን ነበር ማለት ይቻላል፤ ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ ይነሣል። እዚህ ግን ተተከለ። ግንቡና አብያተ ክርስቲያናቱ ከላይ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ሲወሰን ደግሞ ነጋዴውና ሸማኔው ወደ ታች፣ ወደ ቀሃ ዳር ወረደ። ውሳኔው አያስመሰግንም። የሲራራ ነጋዴ ግን በቅሎና አህያውን የሚያጠጣበት ወንዝ አላጣም።

ውሃ በክፉ ታሪካችንም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሰሜን ባለው የደንቢያ ሜዳ ወባ ገብቶ ወደ 7000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በዓመቱ ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ የወጡት ሳኒታሪያኖች ሥራቸው ምንጭ ማጎልበትና ሽንት ቤት ማስቆፈር ነበር። ለነሱ ሐውልት ቢቆም አይበዛባቸውም፤ ግን ይህ ሌላ ደብዳቤ ነው።

አሁን ጎንደር ቢራና ብቅል የምታመርት ከተማ ናት። አንድ ሊትር ቢራ ለመጥመቅ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ሊትር ውሃ ይሄዳል። ፋብሪካው ይዘጋ እያልኩ አይደለም፤ ስንቱ ሰው እንጀራ ይበላበታል። ግን እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ያውም በሌሊት። ሮቶ ያለው ይሞላል። የሌለው ጀሪካን ደርድሮ ያድራል፤ ካልመጣም በባጃጅ ገዝቶ ያስመጣል። ለምን ስንል መልሱ ሁሌም «መስመር ተበላሽቶ ነው» ነው።

መስመር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለዓመታት ከተማዋን ያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። በላዩ ያለው ተፋሰስ ተራቁቷል፤ ቁልቁለቱ ሳይቀር ይታረሳል። ክረምት ሲመጣ አፈሩ ታጥቦ ይወርድና ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ውሃው ሙሉ ይመስላል። ከሥር ግን ጭቃ ነው።

ሁሉም ዓይኑን የጣለው መገጭ ላይ ነው። ለመስኖና ለከተማዋ መጠጥ ውሃ ታስቦ የተጀመረው ይህ ግድብ ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል። እኔ የምፈራው የአንገረብ ዕጣ እሱም ላይ እንዳይደርስ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ እርከን የሚሠራበትና መሬቱን የሚያሳርፍበት አቅም ካላገኘ፣ ደለሉ እዚያም አይቀርም።

እናም ዘጋቢ ወደ ጎንደር ስትልኩ አንድ ቀን ወደ አንገረብ ይውጣልን። ደለሉ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቅ። ፋብሪካዎቹንም ውሃቸውን ከየት፣ በምን ያህል መጠን እንደሚስቡ ይጠይቅ። የመገጭን ተፋሰስ ማን እየጠበቀው እንደሆነም እንዲሁ። መልሱን ብታትሙልን ደስ ይለናል።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር