ከመዋኛ ገንዳው ጋር ያልተረከብነው ነገር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁ ላይ ከሚወጡት የቪላ ቤት ማስታወቂያዎች መካከል «የመዋኛ ገንዳ ያለው» የሚሉት እየበዙ መምጣታቸውን ስመለከት ቆይቻለሁ። ማስታወቂያዎቹ የገንዳውን ስፋት ይናገራሉ፤ ውኃው እንዴት ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆይ ግን አንዱም ሲናገር አላየሁም። እኔም ቢሾፍቱ የሚገኘውን ቤቴን ሳሠራ ይህን የጠየቅሁት ሰው አልነበረም፤ ባለመጠየቄም ለሁለት ዓመት ያህል ውኃና ገንዘብ ስደፋ ኖሬያለሁ።

ገንዳዬ 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድና በአማካይ 1.4 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ ወደ 45 ሺህ ሊትር ይይዛል። 10 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ሲሰላ አራት ቦቴ ተኩል መሆኑ ነው። ኮንትራክተሩ ሰማያዊውን ሴራሚክ አንጥፎ፣ ፓምፑንና የአሸዋ ማጣሪያውን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተክሎ፣ ቁልፉን አስረክቦኝ ሄደ። የትኛው ቫልቭ ለምን እንደሚያገለግል አልነገረኝም፤ ጽፎ የተወልኝም ነገር የለም። እኛም ፓምፑ መብራት ይበላል ብለን በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ለዚያውም እንግዳ ሲመጣ፣ እንከፍተው ነበር። ውኃው ዐሥር ቀን ሳይሞላው አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ በወሩ የግቢው ጠባቂ ወደ ቦዩ ይለቀውና ግድግዳውን በበረኪና ፈትጎ ቦቴ ይጠራ ነበር። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጀሪካን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁ ጎረቤቶቼ እያዩ ያ ሁሉ ውኃ በአጥሬ ሥር ሲወርድ አፍር ነበር፤ ዳሩ ግን ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሁ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ያስቆመኝ ኀፍረቱ ሳይሆን የነሐሴ ወር ነው። እንደ ልማዳችን ገንዳውን ባዶ አድርገን ቦቴ ስንጠብቅ ሦስት ቀን አለፈ፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት የወለሉ ሴራሚክ መካከሉ ላይ እንደ አክንባሎ ጎብጦ አገኘነው፤ በጣት ሲንኳኳ እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ ነው። በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ገንዳው ሙሉ ሲሆን የውስጡ ውኃ ክብደት ከሥር የሚገፋውን ኃይል ይመክታል፤ ባዶ ሲሆን ግን የሚመክት የለም። በዚያ ላይ ግቢዬ መረሬ አፈር ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ወለሉን ሊጠግን የመጣው፣ በሆቴል ገንዳ ላይ ብዙ ዓመት የሠራ ባለሙያ፣ ሲሚንቶ ከመንካቱ በፊት የማጣሪያውን ክፍል አስከፍቶ ገባና «ጋሼ፣ ይቺን አይተዋት ያውቃሉ?» እያለ አሸዋውን በያዘው ታንክ አናት ላይ ያለችውን፣ አቧራ የሸፈናትን የግፊት መለኪያ በአውራ ጣቱ ጠረገልኝ። አይቻት አላውቅም ነበር። መርፌዋ አሸዋው ንጹሕ ሳለ ከምታሳየው በግማሽ ባር ያህል ከፍ ስትል አሸዋው ቆሻሻ ይዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ፓምፑን አጥፍቶ ቫልቩን ማዞር፣ ከዚያም ውኃውን በተቃራኒ አቅጣጫ ልኮ እስኪጠራ ድረስ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ማጠብ ይበቃል። የሚደፋው ውኃ ከጥቂት መቶ ሊትር አይበልጥም። ፓምፑም በየቀኑ በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል መሥራት አለበት፤ የገንዳው ውኃ በአሸዋው ውስጥ ለማለፍ የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል ነውና። የእኔ ፓምፕ በዚህ ሁኔታ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የወሩ ሒሳብ ተደምሮ ለቦቴ እከፍለው ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በክሎሪን ጉዳይ ነው። ገንዳው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ሲኖረው ክሎሪን በዝቶበታል እንላለን፤ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሽታውና የዓይን ማቃጠሉ የሚመጡት ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ከሚፈጠረው ነገር ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን፣ ማለትም ገና ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሐደ፣ መኖር አለበት፤ የውኃው የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤችም ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን ይገባዋል። ፒኤቹ 8 ሲደርስ ጀርም የሚገድለው የክሎሪን ዐይነት ከጠቅላላው ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ የምንጨምረው የክሎሪን ዱቄት ደግሞ ራሱ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። ለእኔ ገንዳ 65 በመቶ ጥንካሬ ካለው ዱቄት 70 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ የቡና ስኒ ያህል፣ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ይጨምራል። እኛ በጣሳ፣ ያውም በቀትር ፀሐይ ነበር የምንበትነው፤ ፀሐይዋም በጥቂት ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ታጠፋዋለች። አሁን ሲመሽ ይጨመራል፤ ከዚያ በፊት ጠባቂው በትንሿ ብልቃጥ ውኃ ቀድቶ የመመርመሪያውን ጠብታ ያንጠባጥብበትና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቀለሙን ያያል። ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ይገባል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስስም፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣው በአንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ አይቀመጥም። ይህንም የነገረን ባለሙያው ነው፤ ሁለቱ ለሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

አጥርም አልተረከብንም። የግቢው ግንብ ሌባ ይከላከላል እንጂ ከሳሎን ተንደርድሮ የሚወጣ የሦስት ዓመት ልጅ አይከላከልም። ገንዳውን ራሱን በአራቱም ጎን የሚከብብ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈትና ራሱ ገጥሞ የሚቆለፍ አጥር ያስፈልጋል። ሕፃን ሲሰጥም አይጮኽም፤ ሰው የሚሰማው መስሎት ይዘናጋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የግል ገንዳ ባለቤቶች አጥርን ወይም ሌላ የታወቀ መከላከያን እንዲያበጁ አስገድዳለች።

ዛሬ በገንዳዬ ውስጥ ያለው ውኃ ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት የገባው ነው። በበጋ ቀን አንድ በርሜል የሚጠጋ ውኃ በትነት ይሄድ ነበር፤ ማታ ማታ ሽፋን መዘርጋት ከጀመርን ወዲህ ግን በጣም ቀንሷል። እንግዲህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ ገንዳ ያላቸውን ቤቶች የሚያስተዋውቁ ገንቢዎች በርክክቡ ቀን የቫልቮቹን አጠቃቀም በአማርኛ ጽፈው ይሰጡ እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡት ክፍሎችም በፕላኑ ላይ የገንዳውን አጥር ይጠይቁ እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሳቸውን እንድታትሙልን ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቢሾፍቱ