ግራውንድ ሳጥን ከማዘዛችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለውድ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ስለ ግራውንድ ሳጥንና ተያያዥ ዕቃዎች ምርጫ

ጥሩ የድምፅ መሣሪያ ካላቸው ደንበኞቻችን በዚህ ሰሞን የሚበዛው ጥያቄ "የትኛው ግራውንድ ሳጥን ይሻለኛል?" የሚል ነው። ግራውንድ ሳጥን የምንለው የድምፅ ዕቃዎች ግራውንድ (የመሬት ግንኙነት) በሽቦ የሚታሰርበትና ጫጫታ ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠውን ሳጥን ነው። እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ የሚረብሻችሁ ድምፅ ምን ይመስላል? ሳጥኑን እንሸጣለን፣ ቢሸጥልን ደስ ይለናል። ግን ሳጥን ሊረዳ የሚችልበትም፣ ሳጥን ጨርሶ የማይነካውም ችግር "የግራውንድ ችግር" በሚል አንድ ስም ነው የሚቀርብልን። ብዙውን ጊዜ ደግሞ መፍትሔው ጥቂት ሜትር ሽቦና አንድ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ነው።

ከስፒከሩ የሚወጣው ወፍራምና ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ከሆነ የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የግራውንድ ቀለበት ነው። ሻከር ብሎ ጢዝ የሚል ከሆነ 100 ኸርዝና ከዚያ በላይ ነው፤ ከፓወር ሰፕላይ፣ ከአምፖል ዲመር ወይም ከርካሽ ቻርጀር ሊመጣ ይችላል። ፍሽሽ የሚለው ግን የአምፕሊፋየሩ የራሱ ነው፤ ምንም ዓይነት ግራውንድ አያጠፋውም። ድምፁ ከስፒከሩ ሳይሆን ከአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ከመጣ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ነው የሚንቀጠቀጠው። በመስመሩ ላይ ትንሽ ዲሲ (አቅጣጫውን የማይቀያይር ኤሌክትሪክ) ሲኖር ትልልቅ የቀለበት ትራንስፎርመሮች እንዲህ ያደርጋሉ። ለዚህ የሚታዘዘው የዲሲ ማገጃ ነው እንጂ ሳጥን አይደለም።

ቀለበቱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ፕሪአምፑም (ከአምፕሊፋየሩ በፊት ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ) አምፕሊፋየሩም እያንዳንዳቸው በሶኬታቸው በኩል ከመሬት ሽቦ ጋር ተያይዘዋል። በመካከላቸው ያለው የአርሲኤ (የተለመደው የድምፅ ሲግናል) ገመድ ውጫዊ ሽፋን ደግሞ ሁለቱን ሻሲዎች (የዕቃዎቹን የብረት አካል) እንደገና ያገናኛቸዋል። በዚህ ክብ ውስጥ 10 ሚሊአምፔር ቢዞርና የሽፋኑ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ቢሆን 1 ሚሊቮልት ይፈጠራል። 2 ቮልት ከሚያወጣ ዳክ (ዲጂታል ሙዚቃን ወደ ድምፅ ሲግናል ከሚቀይር ዕቃ) ጋር ሲነጻጸር ከሙዚቃው በ66 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው፤ በትንሽ ኃይል ጮክ ብሎ በሚሰማ ስፒከርና ጸጥ ባለ ሳሎን ግን ይሰማል። ያው 1 ሚሊቮልት በሸክላ ማጫወቻው ገመድ ላይ ቢፈጠር ግን ከሙዚቃው ራሱ ይበልጣል፤ ሙቪንግ ኮይል የሚባለው የሸክላ መርፌ ዓይነት የሚያወጣው ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊቮልት ብቻ ነውና።

ስለዚህ ፍለጋው ከአምፕሊፋየሩ ይጀምር። አጥፉት፤ የሚገቡበትን የሲግናል ገመዶች በሙሉ ንቀሉና መልሳችሁ አብሩት። አሁንም ካጉተመተመ ችግሩ እዚያው ነው። ዝም ካለ አጥፍታችሁ ፕሪአምፑን ብቻ መልሱ፤ ቀጥሎ ዳኩን፣ ቀጥሎ ሸክላ ማጫወቻውን፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አትጨምሩ። ገመድ በነቀላችሁና በሰካችሁ ቁጥር አምፕሊፋየሩ መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ የምትሰሙት የመጨረሻ ድምፅ የስፒከራችሁ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ከተማ ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው ዲሽ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ኬብል የራሱን መንገድ ወደ መሬት ይዞ በዲኮደሩና በቴሌቪዥኑ አድርጎ እስከ አምፕሊፋየሩ ይመጣል። የዲሹን ኬብል ከዲኮደሩ ስትነቅሉ ጉምጉምታው ከጠፋ ነገሩ ተገኘ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ለቴሌቪዥን አንቴና የሚሸጠው ተራ ማግለያ (የገመዱን የግራውንድ ግንኙነት የሚቆርጥ ዕቃ) ለዲሽ አይሆንም። በዚያው ኬብል ወደ ዲሹ ራስ 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚላክ ማግለያው ቮልቱን ይቆርጠውና ሥዕሉ ይጠፋል። ቀላሉና ርካሹ መፍትሔ ከቴሌቪዥኑ ወደ ዳኩ የሚሄደውን ድምፅ በኦፕቲካል ገመድ ማድረግ ነው፤ ብርሃን የግራውንድ ቀለበት አይሠራም። ለኔትወርክም እንዲሁ ሽፋን የሌለውን የዩቲፒ ገመድ ምረጡ፤ ሽፋን ያለው "ይሻላል" ተብሎ ይሸጣል፣ ሁለቱን ሻሲዎች የሚያገናኘው ግን እሱ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት፤ ጸጥ ካለ የሚያስፈልጋችሁ የዩኤስቢ ማግለያ ነው።

ሸክላ ማጫወቻ ላይ ደግሞ ቀጭኗ የግራውንድ ሽቦ ከፎኖ ስቴጁ (የሸክላውን ደካማ ሲግናል ከሚያጎላው ዕቃ) ብሎን ጋር መታሰሯን እዩ። ታስራም ካጉተመተመ የድምፁን መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ክንዱን በእጃችሁ በዝግታ አንቀሳቅሱት። ጉምጉምታው በቦታው ልክ ከፍና ዝቅ ካለ መርፌው በአቅራቢያው ያለውን ትራንስፎርመር መግነጢስ እየሰማ ነው። አምፕሊፋየሩን ወደ ሌላ መደርደሪያ አውርዱት፤ ወጪው ዜሮ ነው።

ቀጥሎ ሶኬቱ። ይህን ክፍል ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ። በፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በሚመልሰው ሽቦ) መካከል 220 ቮልት ገደማ፣ በፌዝና በመሬት መካከልም ተቀራራቢ፣ በኒውትራልና በመሬት መካከል ደግሞ ጥቂት ቮልት መነበብ አለበት። መልቲሜትር ብቻውን ግን ያታልላል፤ ከምንም ያልተያያዘ ሽቦ ላይም ቮልት ያነባልና ባለሙያው በሙከራ አምፖል ጭነት ሰጥቶ ያረጋግጥ። በቆዩ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ምላስ ኖሮት ከጀርባው ሽቦ የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ የሚብሰው በሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከመሬት ምላሱ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙበት ነው። በኒውትራልና በመሬት መካከል ጭነት እያለም ድፍን ዜሮ ከተነበበ ይህን ጠርጥሩ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የአምፕሊፋየራችሁ ሻሲ በ220 ቮልት ይሞላል። ስታቢላይዘራችሁንም ገልብጣችሁ እዩት፤ መሰኪያው ባለ ሁለት እግር ብቻ ከሆነ ከኋላው የተሰካው ሁሉ ያለ መሬት ነው የሚሠራው።

የመሬት ሽቦው የሚያርፍበት፣ አፈር ውስጥ የሚተከለው የብረት ዘንግ ራሱ በአፈሩ ይወሰናል። ዋልካ አፈር በክረምት ረጥቦ ጥሩ ያስተላልፋል፤ በበጋ ሲሰነጠቅ ግን ከዘንጉ ይለቃል፣ ሬዚስታንሱም ይወጣል። መለካት ያለበት በደረቁ ወራት፣ በመሬት መለኪያ መሣሪያ ነው። ጨውና ከሰል መጨመር የተለመደ ነው፤ ጨው ታጥቦ ይሄዳል፣ ሳይሄድም ዘንጉን ይበላዋል። ቤንቶናይት የሚባለው እርጥበት የሚይዝ የሸክላ አፈር ይሻላል።

"ለድምፁ ብቻ የተለየ ንጹሕ ዘንግ እንትከል" የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይመጣል። ከቤቱ ዋና መሬት ጋር ካልታሰረ አንስማማም። ሬዚስታንሱ 50 ኦም ቢሆንና በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ፌዝ ሻሲውን ቢነካ የሚያልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ነው፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር አይወድቅም፣ ሻሲው ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቀመጣል። በመብረቅ ወቅት ደግሞ በሁለቱ ዘንጎች መካከል የሚፈጠረው የቮልት ልዩነት የሚያልፈው በሲግናል ገመዶቻችሁ ነው። ያም ሆነ ይህ 30 ሚሊአምፔር የሆነ የፍሳሽ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) ይኑራችሁ። ጉምጉምታ ለማጥፋት የመሰኪያን የመሬት ምላስ በፕላስተር መሸፈን ወይም መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግ።

የድምፅ ዕቃዎቹን በሙሉ ከአንድ መስመርና ከአንድ ማከፋፈያ አብሏቸው። 16 አምፔር በ220 ቮልት 3520 ዋት ነው፤ ለአብዛኛው ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። ይህ ብቻ ቀለበቱን በእጅጉ ያሳጥረዋል።

ይህ ሁሉ አልቆ ሥርዓቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው ስለ ሳጥን የምናወራው። በገበያው ላይ ያሉት በአሠራር ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከቤቱ መሬት ጋር የማይያያዝ ነው፤ የስዊድኑ ኤንትሬክ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ማዕድንና ብረታ ብረት ሞልቶ የሚሠራቸው የዚህ ዓይነት ናቸው። ሁለተኛው ዕቃዎቹን በአንድ ነጥብ ሰብስቦ ወደ ቤቱ መሬት የሚወስድ ነው። የአሜሪካው ሹንያታ ደግሞ አልታይራ በሚለው ምርቱ ለሻሲና ለሲግናል ግራውንድ ሞዴሎቹን ለይቷል። ልዩነቱ ተገቢ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ነጥብ ማቀላቀል አምራቹ ለይቶ ያስቀመጠውን መልሶ ማገናኘት ሊሆን ይችላል።

ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ሳጥን ከአካባቢው ጋር ያለው ካፓሲታንስ (ያለ ሽቦ ንክኪ የሚኖር ደካማ የኤሌክትሪክ ትስስር) በአሥሮች የሚቆጠር ፒኮፋራድ ነው። 50 ፒኮፋራድ ብንል ለኤሌክትሪኩ የሚሆነው እንቅፋት በ50 ኸርዝ 64 ሜጋኦም ገደማ ይሆናል፤ በዚያ በኩል ጉምጉምታ አይወጣም። በ1 ሜጋኸርዝ ግን ወደ 3200 ኦም ይወርዳል። ስለዚህ ሳጥኑ አንዳች ሥራ ካለው የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ጫጫታ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ገመዱ ወሳኝ ነው፤ 1.5 ሜትር ሽቦ በ100 ሜጋኸርዝ 900 ኦም ገደማ ይከለክላል፣ ከዚያም አልፎ አንቴና ይሆናል። ረጅም ጌጠኛ ገመድ የምትፈልጉ ደንበኞቻችንን የምናሳዝነው ለዚህ ነው። ከ1 ሜትር አይለፍ። የመዳብ ሽቦው 2.5 ሚሜ² ይበቃል፤ 4 ሚሜ² ካላችሁም አይጎዳም።

የት እንደሚሰካ፦ መጀመሪያ አንድ ሳጥን፣ አንድ ዕቃ። ያም ዕቃ ገመዶች ሁሉ የሚገናኙበት ፕሪአምፕ ወይም ኢንቴግሬትድ አምፕሊፋየር ይሁን። ሥራ የፈታ የአርሲኤ መግቢያ ተጠቀሙ፤ መሰኪያው ውጫዊውን ቀለበት ብቻ የሚነካ፣ የመሃሉ እግር ባዶ የሆነ ይሁን። መሃሉን ከቀለበቱ ጋር ያገናኘ መሰኪያ ለመግቢያ ይሆናል፤ መውጫ ላይ ከሰካችሁት ግን ዕቃውን ሾርት አደረጋችሁት ማለት ነው። በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የሲግናል መሰኪያ) ግራውንዱ 1ኛው ፒን ነው። የስፒከሩን ጥቁር ማሰሪያ አትንኩ፤ በብሪጅ የተሠሩ አምፕሊፋየሮችና ብዙዎቹ የክላስ ዲ ዕቃዎች ላይ እሱ ግራውንድ አይደለም፣ ሲግናል ተሸካሚ ነው። ከመሬት ጋር የተያያዘ ሳጥን ላይ ሦስትና አራት ዕቃ በአንድ ቀን ብታስሩ ያጠፋችሁት ቀለበት በአዲስ መንገድ ይመለሳል፤ "ሳጥኑ ጉምጉምታ ጨመረብኝ" የሚለው ቅሬታ መነሻው ይኸው ነው።

ከዚያ ገንዘብ በጥቂቱ የሚሞከር ሌላ ዕቃም አለ፤ ፌራይት፣ ማለትም ገመድ የሚያልፍበት መግነጢሳዊ ቀለበት። ገመዱን በውስጡ 3 ጊዜ ብታዞሩት የመከላከል አቅሙ ከ1 ዙር በ9 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ለዩኤስቢና ለፓወር ሰፕላይ ገመድ ከዚህ እንዲጀመር እንመክራለን።

ሳጥኑን በውሰት ወስዳችሁ ሞክሩ። ሌላ ሰው ሳታዩት 10 ጊዜ በዘፈቀደ ያገናኝ ወይም ይንቀል፤ እናንተ በየጊዜው ተገናኝቷል ወይስ ተነቅሏል የሚለውን ግምታችሁን ጻፉ። 9 ወይም 10 በትክክል ካገኛችሁ እንዲያው በዕድል የመምጣቱ ዕድል 1 በመቶ ገደማ ነውና ሳጥኑ የእናንተ ነው። 5 ወይም 6 ከሆነ መልሱልን፤ ካርቶኑ እስካልተቀደደ ድረስ ሙሉ ገንዘቡን እንመልሳለን።

ለማዘዝ ስትጽፉልን የዕቃዎቹን ጀርባ ፎቶ፣ ከሶኬቱ የተነበቡትን 3 ቁጥሮች፣ ስታቢላይዘር መኖር አለመኖሩን፣ ጉምጉምታው የትኛው ገመድ ሲነቀል እንደሚጠፋ አብራችሁ ላኩልን። ፎቶው ላይ ሥራ የፈቱት መግቢያዎች በግልጽ ይታዩ፤ መሰኪያውን ቆርጠን የምናዘጋጀው በዚያ መሠረት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ቴክኒክ ክፍል