ቁጥሩን ብቻ አንይ
ሰላም ለሁላችሁ። የጨቅላ ሕፃናት ጤና ተመራማሪዎችን ስንመዝን ኤች-ኢንዴክስ ላይ (የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች በሌሎች ጽሑፎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካ ቁጥር) ብቻ እንዳንንጠለጠል አደራ። የአንድ ተመራማሪ ኤች-ኢንዴክስ 20 ነው ማለት 20 ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው፣ በቃ። አንዱ 5 ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ቁጥሩ የማያሳየውን ጥቅም ለማየት የተመራማሪዎቹን የሊጊንስንና የሃዊን ጥናት አስቡት። ያለጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ እንደሚጎለብት በ1972 እ.ኤ.አ. አሳዩ፤ ሕክምናው በሰፊው የተለመደው ግን ከ1994 በኋላ ነው። በዚያ መሀል ትንፋሽ አጥሯቸው ያለፉትን ሕፃናት ሳስብ ያመኛል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁኔታ በነጥብ የሚመዘንበትን መንገድ ያስተዋወቀው የሐኪሟ የቨርጂኒያ አፕጋር የ1953 እ.ኤ.አ. ጽሑፍም አለ። አዋላጇ ሕፃኑን ተቀብላ፣ የልብ ምቱን፣ አተነፋፈሱን፣ የቆዳውን ቀለም አይታ ከ10 ነጥብ ስትሰጥ ማንንም አትጠቅስም፤ ስለዚህ ይህ ጥቅም በቁጥሩ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተመራማሪ 3 ጽሑፍ አንብባችሁ ኑ፣ እባካችሁ።