የዘረመል ምርመራ የማይነግረን

ውድ አዘጋጅ፣

«የሚስማማዎትን መድኃኒት ዘረመልዎ ይነግርዎታል» የሚለው ማስታወቂያ ያሳስበኛል። አንድ ወዳጄ የምርመራ ውጤቱ ላይ ቀይ ምልክት ስላየ ብቻ ለዓመታት የረዳውን የድብርት መድኃኒት በራሱ አቆመ። ሕመሙ ተመልሶ መጣበት። በጣም ነው ያዘንኩት።

ምርመራው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። አባካቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከመጀመር በፊት የሚደረገው የዘረመል ምርመራ ከከባድ አለርጂ ያድናል። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻም አለ። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀየራል። ኢንዛይሙ እጅግ ፈጣን የሆነበት ሰው ሊመረዝ ይችላል፤ የማይሠራለት ሰው ደግሞ ሕመሙ ላይታገስለት ይችላል።

የድብርት መድኃኒት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምርመራው በአብዛኛው የሚያየው ሰውነት መድኃኒቱን በምን ፍጥነት እንደሚያስወግድ ነው። ይሻለኛል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2018 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ፍጥነቱ ራሱ በዘረመል ብቻ አይወሰንም። ዕድሜ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አብሮ የሚወሰድ መድኃኒት ሁሉ ይገባበታል። ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ያንኑ ሲዋይፒ2ዲ6 ያዳክመዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «መደበኛ» የተባለ ሰው፣ ፍሉኦክሰቲን እየወሰደ ከሆነ፣ ሰውነቱ በዚሁ ኢንዛይም የሚወገድ ሌላ መድኃኒትን በዝግታ ሊያስወግድ ይችላል። ይህን ወረቀቱ አያሳይም።

እባካችሁ ስለ ምርመራው ስትጽፉ ይህንንም ጻፉልን። ውጤት የደረሰው ሰው ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ሳያማክር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ መጠኑንም እንዳይቀይር ንገሩልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ