መንደሩ ሲያድግ ነዋሪውም ያረጃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የጡረተኞች መንደር ሲስፋፋ የሚቆጠረው የቤቱ ብዛት ነው፤ የነዋሪው ዕድሜ ግን ይዘነጋል። በ65 ዓመታቸው አብረው የገቡ ሰዎች ከ20 ዓመት በኋላ አብረው 85 ይሞላቸዋል። ስለዚህ የእንክብካቤ ፍላጎቱ ባንድ ጊዜ ይመጣል።

ቤቶቹ ሲሠሩ ይህ ይታሰብ፦ በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር ያሳልፍ፤ ለዊልቸር መዞሪያ 150 ሴንቲሜትር ይተው። ለ1 ሜትር ከፍታ የ12 ሜትር ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ) ያስፈልጋል። ሊፍቱም ቃሬዛ ይያዝ። አብዝቶ የሚያሳስበን የመታጠቢያ ቤት መደገፊያ ብረት ነው፦ በጂፕሰም ግድግዳ ላይ በብሎን ብቻ ሲታሰር፣ አዛውንቱ በተደገፉበት ቅጽበት ይነቀላል። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ከኋላው ጠንካራ እንጨት መግባት አለበት።

የጥገና መጠባበቂያ ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ይሰብሰብ፤ ባንድ ዓመት የተሠሩ ጣሪያዎች የሚያፈሱትም ባንድ ሰሞን ነው።