ሦስተኛውና አራተኛው መስመርም ይሰለፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ውጤቱ ሲቀራረብ ብዙ አሠልጣኞች ሁለቱን የመጀመሪያ የአጥቂ መስመሮች (አንድ መስመር አብረው የሚገቡ ሦስት አጥቂዎች ነው) ብቻ እያፈራረቁ የቀሩትን ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ። ተጫዋች በአንድ ተራ በሙሉ ፍጥነት የምትንሸራተተው ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ይህ አሠራር ምርጦቹን ራሳቸውን የሚያደክም ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሃርቫርድን ቡድን በአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር ሩብ ፍጻሜ 1 ለ 0 ያሸነፈው በአራተኛው ጭማሪ ክፍለ ጊዜ፣ ከ120 ደቂቃ በላይ ከተጫወተ በኋላ ነበር። ጨዋታ እንዲህ ሲረዝም፣ ወሩን ሙሉ እምብዛም ያልተሰለፈችን ልጅ በድንገት አስነሥቶ ብቃት መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ደቂቃው በእኩል ይከፈል አልልም፤ ተጋጣሚ በቅጣት ተጫዋች ሲጎድልበት ምርጦቹ መግባታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አራቱም መስመሮች ተራቸውን ሊያገኙ ይገባል። ከአሰላለፍ የምትቀር ተጫዋችም፣ በኮሌጅ የምትጫወትባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸውና፣ ምክንያቱን ከግድግዳ ማስታወቂያ ሳይሆን ከአሠልጣኟ አንደበት፣ ከጨዋታው በፊት ልትሰማ ይገባታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሆኪ ተመልካች፣ ሚኒያፖሊስ