ለደንበኞቻችን፦ ለክፍለ ሀገር ጉዞ መኪና ብቻ ማከራየት ለምን አቆምን?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ።

ሰሞኑን ብዙ ቅሬታ ደርሶናል። ቤት ለቃችሁ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄዱ "ማሸጉም መጫኑም በእኛ ልጆች ይሁን" ማለታችን አስከፍቷችኋል። ለአንዳንዶቻችሁ የነገርናችሁ ዘመድ አሰባስባችሁ፣ ልትጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራችሁ ነው። እሱ የእኛ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ጥፋት አይመስለኝም። "ብር አሳወራቸው" የሚለው መልእክት ደግሞ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በረዳትነት ነው። በኋላ ዕቁብ ሲደርሰን ከወንድሜ ጋር አንድ ያገለገለ አይሱዙ ገዛን። ያኔ ቤት የሚለቅ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይጭናል፣ እኛ እንነዳለን። ከሳሪስ ጀሞ ሲሆን ይሄ ይሠራል፤ ከተማ ውስጥ ዛሬም አልቀየርነውም። ሐዋሳ ግን 275 ኪሎ ሜትር ነው። ድሬዳዋ ከ500 ያልፋል። ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና እስከ ደጀን ዳገቱን ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ዕቃው በሙሉ ወደ ፊት ይገፋል፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ። ሶፋ ከሥር፣ ፍሪጅ ከላይ ተጋድሞ የተጫነበት መኪና እዚያ ምን እንደሚሆን በዓይናችን አይተናል።

አምና ሐምሌ አንድ ቤተሰብ ወደ ሐዋሳ ወሰድን። የጫኑት የባልየው ወንድሞች ናቸው፤ ደጋግ ልጆች፣ ጉልበታቸውን አልሰሰቱም። ሸራው ግን በደንብ አልተወጠረም ነበር። ሞጆ ሳንደርስ ዝናብ ያዘን። ፍራሹ ራሰ፣ የቡፌው መስታወት ተሰበረ። እናትየው በሠርጋቸው የተሰጣቸው ስኒ ያለ ጋዜጣ ካርቶን ውስጥ ተደራርቦ ስለነበር የተረፈው ስድስት ብቻ ነው። ምንም አልተናገሩኝም። የተረፈውን አንድ ባንድ እያወጡ ረከቦቱ ላይ ሲደረድሩ ቆሜ አየሁ። የጫንነው እኛ ባንሆንም የጉዳቱን ግማሽ ከፈልን፤ መኪናው የእኛ ነዋ፣ ስማችን ተጽፎበታል። ውሳኔው የመጣው ከዚያ ቀን ነው።

ዋጋውንም አልደብቅም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጎማውም፣ ባትሪውም፣ መለዋወጫውም አልቀመስ ብሏል። ናፍጣውም ይጨምራል። መኪናችን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ የመልሱን ናፍጣ የሚችልልን የለም። ሦስት ልጆች አብረው ሲሄዱ አበል አለ፣ አልጋ አለ። ስትደርሱ ደግሞ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች በር ላይ ይጠብቃሉ፣ ሰው ደክሞት ልጅ እያለቀሰበት ከእነሱ ጋር ክርክር ይገጥማል። እኛ ቀድመን ደውለን ስለምንጨርስ ያ ክፍያ ሒሳባችን ውስጥ ገብቷል። "እጥፍ ሆነ" ስትሉን ይህንንም ደምሩልን።

ሁሉም ሰው እኛን ይፈልጋል አልልም። ፍራሽ፣ ቴሌቪዥንና ሁለት ሻንጣ ብቻ ላለው ወጣት አናስፈልገውም፤ ይህንኑ ነግረን የሸኘነው ብዙ ነው። ሶፋችሁ ካረጀ እዚሁ ሸጣችሁ እዚያ ብትገዙ ይሻላችኋል። ግን ልጆች ያሏችሁ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሙሉ ቤት ዕቃ ያላችሁ፣ ሥራ የምትገቡበት ቀን የተቆረጠባችሁ፣ እናንተን ነው የምለምነው። ከመወሰናችሁ በፊት መጥተን ዕቃውን እንየው። ለማየት አናስከፍልም። አይተን "ራሳችሁ ብትጭኑት ይሻላል" ካልንም እመኑን፤ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል።

ቀብድ የከፈላችሁ በሙሉ በድሮው ስምምነት ትሄዳላችሁ። ሸራውን ግን እኛ እንወጥረው፣ ለእሱ አንጠይቅም። ምጣዱንና ስኒውን ለብቻ አስቀምጡልን፤ ብርድ ልብስ ይዘን እንመጣለን።